ትራንስቫል ስኮቲሽ በጨርጨር መንገድ

ጆሃንስበርግ ውስጥ የተቋቋመ አንድ የስኮቶች እግረኛ ሬጅመንት አለ፤ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ትራንስቫል ስኮቲሽ ይባል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገኛቸው የጦር ሜዳ ክብሮች ሲዘረዘሩ ኤል ዋክ፣ ጁባ፣ ዮንቴ ይሉና ወደ እኛ አገር ይገባሉ፤ ድሬዳዋ፣ ኮምቦልቻ፣ አምባላጌ። እነዚህ ሦስት የኢትዮጵያ ስሞች በ1933 ዓ.ም. ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የተገኙ ናቸው። ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ግን ከድሬዳዋ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ ወሎ የሚገባ ጦር የዛሬውን ምዕራብ ሐረርጌ ሳይረግጥ አይሄድም። አንድም በቆላው የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ በሚኤሶ በኩል ይወጣል፣ አንድም በደጋው በሂርናና በአሰበ ተፈሪ፣ ማለትም በዛሬዋ ጭሮ፣ ያልፋል። ከእነዚህ ከተሞች አንዱም በክብሩ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የዝርዝሩን አሠራር ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። የጦር ሜዳ ክብር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ውጊያ ለተካሄደበት ቦታ ነው። ጠላት ለቆት የሸሸው ከተማ፣ ጦሩ ውኃ የቀዳበትና ያደረበት ሰፈር፣ የተሰበረ መንገድ የተጠገነበት ዳገት ቦታ የላቸውም። የሬጅመንት ታሪክ መጻሕፍትም የሚጻፉት በዚሁ ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ የምዕራብ ሐረርጌው ጨርጨር እንግሊዞች ጣልያንን ባስወጡበት በ1941 እ.ኤ.አ. (1933 ዓ.ም.) ዘመቻ ውስጥ በጥቂት መስመር የሚታለፍ አገር ሆኖ ቀርቷል። ይህ ዳሰሳ ስለ ሬጅመንቱ የተጻፈውን፣ ከእርሱ በፊትና ከእርሱ ጋር ወደ እኛ የመጡትን ስኮቶች፣ በመጨረሻም ለምዕራብ ሐረርጌ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚተርፈውን ይመለከታል።

በእንግሊዞች ልማድ ሬጅመንት ማለት የተወሰነ ቁጥር ያለው ጦር ብቻ አይደለም። የራሱ ዓርማ፣ የራሱ የሰልፍ ዜማ፣ የራሱ የመኮንኖች ክበብ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ሙዚየምና የራሱ ታሪክ ጸሐፊ ያለው ማኅበር ነው። ሻለቃ ይፈርሳል፣ እንደገና ይቋቋማል፤ ሬጅመንቱ ግን ስሙን ይዞ ይቀጥላል። የስኮቶቹ ደግሞ ልዩ ምልክት አላቸው፤ ኪልት የሚሉት ባለሽንሽን ቀሚስና ባግፓይፕ የሚሉት፣ የቆዳ ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ። የኪልቱ የቀለም አጣጣል ከየትኛው ጎሣ ወይም ከየትኛው መስፍን ቤት እንደተወሰደ ይናገራል። የትራንስቫል ስኮቲሽ ኪልት የአቶል መሬዎችን ቀለም ይዟል፤ ምክንያቱም ሬጅመንቱን በ1902 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው የዚያ ቤት ልጅ፣ በኋላ የአቶል መስፍን የሆነው ማርኩዊስ ኦፍ ተሊባርዲን ነው። ተሊባርዲን በአንግሎ-ቦር ጦርነት ስኮቲሽ ሆርስ የተባለ የፈረሰኛ ጦር መርቷል። ጦርነቱ ሲያበቃ በወርቅ ማዕድኑ ከተማና በአካባቢው ለቀሩት ስኮቶች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያገለግሉበት ሬጅመንት ተመሠረተላቸው። ከስኮትላንዱ ብላክ ዋች ሬጅመንት ጋርም በወዳጅነት ተሳሰረ። ወታደሮቹ እርስ በርስ ጆክስ ይባባሉ ነበር።

ሬጅመንቱ የነጮች ብቻ ጦር ነበር። ይህን በግርጌ ማስታወሻ ሊያልፉት የሚፈልጉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን ዋናው ገጽ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖችን ከዛሬዋ ናሚቢያ ለማስወጣት ዘመተ። በ1922 እ.ኤ.አ. ደግሞ በራንድ የማዕድን አካባቢ የነጭ ሠራተኞች አመፅ ሲነሣ መንግሥት ከላካቸው ኃይሎች አንዱ ይኸው ሬጅመንት ነበር፤ በቤኖኒ አጠገብም ሰዎቹን አጥቷል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የደቡብ አፍሪካ ጦር መሣሪያ የሚያስታጥቀው ነጮችን ነበር፤ ጥቁሮቹ ሹፌር፣ የመንገድ ሠራተኛ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። ድሬዳዋ የገባውን ጦር ተሽከርካሪ የነዳውና መንገድ የጠገነው ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ የሬጅመንቱ አባል ተብሎ አይቆጠርም።

ስኮቶች ግን ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ተነሥቶ መቅደላን ለመያዝ ሲዘምት ከተከተሉት የእንግሊዝ ክፍሎች አንዱ 26ኛው የካሜሮኒያኖች ሬጅመንት ነበር። ይህ ስኮትላንዳዊ ሬጅመንት "አቢሲኒያ" የሚል የጦር ሜዳ ክብር ተሰጥቶት ዓርማው ላይ ይዞት ኖሯል። በ1968 እ.ኤ.አ.፣ ከመቅደላ ልክ 100 ዓመት በኋላ፣ ከሌላ ክፍል ጋር ተዋሕዶ ከመቀጠል መበተንን መርጦ ፈረሰ። ከመቅደላ የተወሰዱት ዕቃዎች ደግሞ ብዙዎቹ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየሞች ተቀመጡ። ከእነሱም መካከል አንድ ታቦት ኤደንብራ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ኖሮ በ1994 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ካፒቴን አርቡትኖት የተባለ መኮንን ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው ነበር።

ከመቅደላ የተወሰደ ሰውም አለ፤ የአሰበ ተፈሪን ታሪክ ከስኮትላንድ ጋር የሚያገናኘውም እርሱ ነው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ገና ሕፃን ሳሉ መቅደላ ላይ በእንግሊዝ መኮንን እጅ ገብተው ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ኮሎኔል ቻምበርሌን ያሳደጋቸው ጥቂት ጊዜ ነው፤ እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ትምህርታቸውን ከፈለላቸው። ቻርልስ ማርቲን የተባሉትም በእነዚህ ሁለት ሰዎች ስም ነው። ላሆር ሕክምና ተማሩ፣ በርማ አገለገሉ፣ ወደ ስኮትላንድም ተሻግረው የሐኪምነት ማረጋገጫቸውን አሳደጉ። ከዐድዋ ድል በኋላ አገራቸውን ፈልገው ሲመጡ ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ለዩዋቸው። የምኒልክ ሐኪም፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መሪ፣ መንገድ አሠሪ፣ ዳኛ ሆነው ከሠሩ በኋላ በ1920ዎቹ የጨርጨር ገዥ ሆነው ተሾሙ።

ሐኪም ወርቅነህ ሲሾሙ አሰበ ተፈሪ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ባዶ ሜዳ አልነበረችም። ከእርሳቸው በፊት ጨርጨርን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት እኚህ ሰው ከተማዋን ቆረቆሩ፤ ጨርጨርንም በግብርና በፍርድ አሠራር ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ግዛት ለማድረግ ጣሩ። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ ጣልያን ሲወር ጄኔቭ ላይ ቆመው የተሟገቱት እርሳቸው ናቸው። "የሕይወቴ ታሪክ" የተባለው መጽሐፋቸው፣ በጨርጨር የሠሩትን ሲተርኩ የሚያሳዩት ትዕግሥት ማጣትና እልህ ሳይቀር፣ ስለ አካባቢው አስተዳደር ካሉን የአማርኛ ምስክሮች ሁሉ የበለጠ ይመስለኛል። ወርቅነህ ደግሞ ወራሪው ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሄዱ። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በየካቲት 1929 በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሁለት ልጆቻቸው ተገደሉ። ስለዚህ በ1933 ከጆሃንስበርግ የመጡት ስኮቶች ጨርጨርን ሲረግጡ የሚያገኙት፣ ከመቅደላ የተወሰደ፣ በስኮትላንድ የተማረ ሐኪም ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛውን አገር ነበር። በሬጅመንቱ ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት አንዱ እንኳ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ስንት ገጽ ይጽፍበት ነበር!

ወደ ዘመቻው እንመለስ። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ኬንያ የተሰበሰበው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሌተናል ጄኔራል አላን ከኒንግሃም ነበር። የደቡብ አፍሪካው 1ኛ ብርጌድ ሦስት ሻለቆች ነበሩት፤ ሮያል ናታል ካርቢኒርስ፣ ዱክ ኦፍ ኤደንብራስ ኦውን ራይፍልስና 1ኛው ትራንስቫል ስኮቲሽ። ብርጌዱን የመራው ዳን ፒናር የቦር ተወላጅ ነው። ቦሮችን ከወጉ ስኮቶች የተወለደ ሬጅመንት በቦር ጄኔራል ሥር ሲዘምት የሚያይ ሰው ደቡብ አፍሪካ ምን ዓይነት አገር እንደነበረች ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ይረዳል። ታኅሣሥ 7 ቀን በኤል ዋክ የተካሄደው ወረራ የመጀመሪያ ፈተናቸው ሆነ። በየካቲት የጁባን ወንዝ ዮንቴ ላይ ተሻገሩ። የሬጅመንቱ 3ኛ ሻለቃ ደግሞ በዚያው ወር ከ5ኛው ብርጌድ ጋር ሆኖ በቦረና በኩል ገብቶ ሜጋ ላይ ተዋጋ፤ ይህም ሌላ መንገድ ነበርና እዚህ እንተወው።

ከሞቃዲሾ ወደ ጅጅጋ በረሃውን አቋርጦ የሮጠው ግን ስኮቶቹ አልነበሩም፤ የናይጄሪያ ብርጌድ ነበር። ጅጅጋን፣ የማርዳን ማለፊያ፣ ባቢሌንና ቢሲዲሞን ያሸነፉት፣ መጋቢት 17 ቀን 1933 ሐረርን የያዙት ናይጄሪያውያን ናቸው። የደቡብ አፍሪካው ብርጌድ ከዚያ በኋላ ነው ፊት የወጣው። ጣልያኖች ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚያወርደውን ገደል መንገድ በብዙ ቦታ አፍርሰውት ነበርና ቁልቁለቱ ከጥይት ይልቅ በድንጋይና በዶማ ፈተናቸው። በድሬዳዋ ከጣልያን ጦር የከዱ አስካሪዎች፣ ማለትም በጣልያን ሥር ያገለገሉ አፍሪካውያን ወታደሮች፣ ዘረፋና ግድያ ስለጀመሩ የጣልያን ባለሥልጣናት ራሳቸው እንግሊዞችን ቶሎ ግቡልን አሉ። መጋቢት 20 ቀን ከተማዋ ተያዘች። "ድሬዳዋ" የሚለው የሬጅመንቱ ክብር የተገኘው እንዲህ ነው፤ ጠላት አድነን ብሎ በጠራበት ቀን።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው ለእኛ የሚያሳስቡት። ድሬዳዋ በተያዘች በአምስተኛው ቀን፣ መጋቢት 25፣ የእንግሊዝ ጦር አዋሽ ወንዝ ላይ ነበር። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሚኤሶም አሰበ ተፈሪም ከጣልያን እጅ ወጥተዋል። መሪነቱን የተረከበው በብርጋዴር ፎክስ የሚታዘዘው 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ሲሆን ወታደሮቹ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የሚባሉት፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ የተመለመሉ አፍሪካውያን ነበሩ። ጣልያኖች አዋሽ ላይ ድልድዮቹን አፍርሰው ሊያቆሟቸው ሞከሩ፤ አልቻሉም። መጋቢት 28 አዲስ አበባ ተያዘች። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ገቡ።

የሐረርጌን መንገድ የከፈተውን ጦር በቅደም ተከተል ብናስቀምጠው፣ መጀመሪያ ናይጄሪያውያን፣ ቀጥሎ ደቡብ አፍሪካውያን፣ በመጨረሻ የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ ጥቁሮች ናቸው። ሐረርንም አዋሽንም ያስከፈቱት እነርሱ ሆነው ሳለ በአገራችን ወሬ ግን ሁሉም "እንግሊዝ" ነው። ለዚህ ተጠያቂው የእኛ ሰው ብቻ አይደለም። ስኮቶቹ ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው ሰው ነበራቸው፤ ከካኖ ወይም ከኒያሳላንድ የመጣው ወታደር የራሱን ሬጅመንት ታሪክ ያገኘው ከእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ነው።

ስለ ትራንስቫል ስኮቲሽ የተጻፉት ዋና መጻሕፍት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በ1933 እ.ኤ.አ. የታተመው የዩታ ሥራ ሲሆን ስለ አመሠራረቱና ስለ አንደኛው ጦርነት ዘመን ነው፤ ለእኛ ጉዳይ ጥቅሙ ሬጅመንቱ ስለ ራሱ ምን ዓይነት ወሬ ሲያወራ እንደኖረ ማሳየቱ ነው። ሁለተኛው የካሬል በርክቢ ነው፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ከ1932 እስከ 1950 ያለውን ይይዛል። በርክቢ የጦር ሜዳ ዘጋቢ ነበር፤ በዘመቻው ማግስት፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ወደ አዲስ አበባ ስለተደረገው ጉዞ ሌላ መጽሐፍ አሳትሟል። የዘጋቢ ዓይን ጥሩ ነገር አለው፤ የወታደሩን ቀልድ፣ አቧራውን፣ ጥማቱን ይይዛል። ጉዳቱ ደግሞ አገሬውን እንደ መልክዓ ምድር ማየቱ ነው። እንዲህ ባለ መጽሐፍ ውስጥ ኢትዮጵያዊው ወይ በመንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል ወይ ሊዘርፍ አድፍጧል፤ ከሁለቱ ውጪ ብዙ ጊዜ ሥራ አይሰጠውም።

ሬጅመንቱን ብቻ የማይመለከት ሦስተኛ መጽሐፍ ኔይል ኦርፐን በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የደቡብ አፍሪካ ጦር የምሥራቅ አፍሪካና የአቢሲኒያ ዘመቻዎች ታሪክ ነው። ብርጌድ በብርጌድ የሚሄድ፣ ደረቅ፣ ግን አስተማማኝ መጽሐፍ ነው። የሌፍተናንት ኮሎኔል ሞይስ-ባርትሌት የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ታሪክ (1956 እ.ኤ.አ.) ከእርሱ ጎን ቢነበብ በጣም ይጠቅማል፤ ያኛው ስለ ድሬዳዋ በሚያቆምበት ይኸኛው ስለ አዋሽ ይጀምራል። በተረፈ የእንግሊዝ መንግሥት በ1942 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያሰራጨው የዘመቻው መግለጫ አለ፤ የጦርነት ጊዜ ጽሑፍ ስለሆነ ፕሮፓጋንዳው አይጠፋም። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጭሮን የሚፈልግ ሰው "አስባ ሊቶሪያ" ብሎ ይፈልግ፤ ጣልያኖች ከተማዋን እንዲያ ሰይመዋት ስለነበር የጊዜው ካርታ የሚያውቃት በዚያ ስም ነው። ይህን ያላወቀ ተመራማሪ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አገላብጦ ከተማዬ የለችም ብሎ ይዘጋዋል።

ሁሉም መጻሕፍት በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በፍጥነቱ። ከኬንያ ድንበር እስከ አዲስ አበባ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ በ53 ቀን ተጉዘናል ይላሉ። ከ50,000 በላይ ጠላት ተማርኮ የከኒንግሃም ጦር የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት 501 ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የሚያስገርምም ነው። ሆኖም የሚቆጥረው የከኒንግሃምን ሰዎች ነው። አምስት ዓመት ሙሉ በጨርጨርና በአርባ ጉጉ ተራሮች የወደቁት አርበኞች፣ በየአውራ መንገዱ የተሰቀሉት፣ ጦር ባለፈ ቁጥር ከብቱና እህሉ የተወሰደበት ገበሬ በ501ዱ ውስጥ የሉም። የጣልያን ጦር በ1933 ዓ.ም. እንዲያ በፍጥነት የተሰነጠቀው ታንክ ስለ መጣበት ብቻ ሳይሆን፣ የያዘው አገር ለአምስት ዓመት እንቅልፍ ስለ ነሳውም ጭምር ነው። አስካሪው የከዳውም የእንግሊዝን መምጣት ብቻ ሰምቶ አይደለም።

ይሁንና የጨርጨርን ትዝታ አንድ ወጥ የነፃነት ዜማ አድርጎ ማቅረብም ሌላ ውሸት ይሆናል። ከጣልያን በፊት የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ በገባር ሥርዓት ሥር ነበር፤ ግብሩን፣ ጉልበቱን፣ ማሩን ለባላባቱና ለነፍጠኛው ያገባ ነበር። ጣልያን ገባርን አስቀርቻለሁ አለ። የሐረር ገዥ የነበረው ጄኔራል ናሲ ሙስሊሙን ለመያዝ መስጊድ ማሠራትንና አረብኛ ማስተማርን እንደ ፖለቲካ መሣሪያ ተጠቀመበት። ከፋሺስት ለጋስነት የመጣ አልነበረም፤ ከፋፍሎ ለመግዛት ነው። ነገር ግን ለአንድ የገለምሶ ወይም የበደሳ ሙስሊም ገበሬ 1933 ማለት ለአንድ የአዲስ አበባ መኮንን ልጅ የሚሆነው ዓይነት ዓመት ላይሆን ይችላል። የከተሞቹ ዝምታ የመርሳት ዝምታ ብቻ አይመስለኝም፤ ምን እንደሚባል ያለመስማማት ዝምታም ነው። የስኮቶቹ መጻሕፍት ይህን ማየት አይችሉም፤ የአዲስ አበባ የአርበኞች ታሪክም ብዙ ጊዜ ማየት አይፈልግም።

ነፃ አውጪው ቶሎ አልሄደም። ጥር 23 ቀን 1934 የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት ሲጸና፣ ከኦጋዴንና ከሀውድ ሌላ የባቡር ሐዲዱ መሬት በእንግሊዝ ወታደራዊ ቁጥጥር ሥር ቀረ። ይህ ማለት አሰበ ተፈሪ ላይ የኢትዮጵያ ባንዲራ ሲውለበለብ፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ ሚኤሶ ጣቢያ ላይ የሐዲዱ ባለቤት ሌላ ነበር ማለት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ሁለተኛው ስምምነት ተፈርሞ ነው ሐዲዱ የተመለሰው። ዛሬ ሚኤሶ ላይ የቆመ ሰው የአዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ያያል፤ ሁለት የቻይና ኩባንያዎች፣ አንዱ ከአዲስ አበባ በኩል፣ ሌላው ከጅቡቲ ድንበር በኩል ሲሠሩ የተገናኙባት ጣቢያ እርሷ ናት። ሚኤሶ ሁልጊዜ የሌላው መገናኛ እንደሆነች ነው።

ሌሎቹን ስኮቶች በአጭሩ ላንሳ። ብላክ ዋች በነሐሴ 1932 በእንግሊዝ ሶማሌላንድ፣ ባርካሳን ላይ፣ ጦሩ ወደ በርበራ ሲያፈገፍግ ከኋላ ሆኖ ተከላክሏል። ካሜሮን ሃይላንደርስ ከረን ላይ ከፍተኛ ዋጋ ከፍለዋል፤ እዚያ ያለ አንድ ሸንተረር እስከ ዛሬ በጦርነት መጻሕፍት በእነርሱ ስም ይጠራል። የሰሜኑ ጦርነት ደም የፈሰሰበት ስለሆነ መጻሕፍቱ የሚሰበሰቡትም ወደ ከረን ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው አንባቢ የሚያጣው ለዚህ ነው፤ የጨርጨር መንገድ ያለ ታላቅ ውጊያ ተከፈተ፤ ያለ ታላቅ ውጊያ የተከፈተ መንገድ ደግሞ ጸሐፊ አያገኝም።

1ኛው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ቀጠለ። በሚያዝያ ወር ኮምቦልቻ ላይ ተዋግቶ ደሴ ሚያዝያ 18 ተያዘች። በግንቦት አምባላጌ ላይ የጣልያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን እጁን ሲሰጥ ብርጌዱ፣ የሕንድ ወታደሮችና የራስ ሥዩም አርበኞች በአንድ ተራራ ዙሪያ ነበሩ። ከዚያ ግብፅ ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን 1934 ሲዲ ሬዜግ ላይ፣ ሊቢያ በረሃ፣ 5ኛው ብርጌድ ሲደመሰስ ሜጋን ያየው 3ኛ ሻለቃ አብሮ አለቀ። 2ኛው ሻለቃ ደግሞ በቀጣዩ ሰኔ ቶብሩክ ላይ ተማረከ። ዳን ፒናር በታኅሣሥ 1935 በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከጨርጨር ካለፉት ጆክሶች ስንቱ አገሩን ዳግም እንዳየ ለማሰብ ይህ ብቻ ይበቃል። በምሥራቁ ዘመቻ ከሞቱት የኮመንዌልዝ ወታደሮች የተወሰኑት ሐረር ባለው የጦር መቃብር ውስጥ ናቸው።

የሬጅመንቱ ስምም ቢሆን አልቀረም። በ2019 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካ መከላከያ የተጠባባቂ ሬጅመንቶችን ስም ሲለውጥ ትራንስቫል ስኮቲሽ የሰለሞን ማህላንጉ ሬጅመንት ተባለ። ማህላንጉ የአፓርታይድ መንግሥት መጋቢት 28 ቀን 1971 ዓ.ም. በስቅላት የገደለው የኤ.ኤን.ሲ. ወጣት ታጋይ ነው። የዚያው የትጥቅ ትግል መሪ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ኮልፌ ውስጥ ከኢትዮጵያ መኮንኖች ወታደራዊ ትምህርት ወስዷል። አንዳንድ የቀድሞ አባላት ስሙ መለወጡን እንደ ስድብ ቆጠሩት። እኔ ግን አሰበ ተፈሪ ጭሮ ስትሆን ካየ ሰው ወገን ነኝና ብዙም አልደነግጥም። ስም የሚለውጥ መንግሥት የቀደመውን ታሪክ ማቃጠል የለበትም እንጂ መለወጡ ራሱ ያለ ነገር ነው።

ለወደፊቱ ጠቃሚ የምለው አንድ ነገር አለ። ብርጌዶቹና ሻለቆቹ የየዕለቱን ሁኔታ የሚመዘግቡበት የጦር ሜዳ መዝገብ ነበራቸው፤ የደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ በሚገኘው የመከላከያ ሰነድ ማዕከል፣ የእንግሊዙ ሎንዶን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዝገብ ቤት ይገኛሉ። የጣልያን ጦር ታሪክ ቢሮም ሮም ላይ ነው። እነዚህ መዝገቦች ከክብር ዝርዝሩ በተቃራኒ ውጊያ የሌለበትን ቀንም ይጽፋሉ፤ ስንት ሰዓት ላይ የት ሰፈርን፣ ውኃ ከየት አገኘን፣ የትኛው ድልድይ ተሰብሮ ነበር፣ ከተማውን ማን አስረከበን። ያኔ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 አልፏልና የአካባቢው ትዝታ በቃል የሚሰበሰብበት ጊዜ ሊያበቃ ነው። የአሰበ ተፈሪ ጠያቂ ለሁለቱም ወገን፣ ለመዝገቡም ለሽማግሌውም፣ ይዞ መሄድ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው። ከመጋቢት 20 እስከ መጋቢት 25 ቀን 1933 ባሉት ሌሊቶች ጣልያን ከወጣ በኋላና ጦሩ ከመግባቱ በፊት፣ ገበያውን፣ መጋዘኑን፣ እስር ቤቱን የጠበቀው ማን ነበር?